ሰንሰለት ያዡ አባቴ እና ሁለቱ ባዶ መስመሮች

አባቴ ሌስተር ኮተርባ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የፕሌት ቤንድ ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ጠርዝ ላይ ቆሞ ሰንሰለት ይዟል። ሰንሰለቱ አሥር ያርድ ነው፤ በሁለት ዘንግ መሃል ይወጠራል። ኳሷ አሥሩን ያርድ ማለፏን ዳኛው ሲጠራጠር አባቴና ጓደኞቹ እየሮጡ ገብተው ይለካሉ። ደመወዝ የለውም። የሚሰጡት ብርቱካንማ ሰደርያና አንድ ቋሊማ በዳቦ ነው። በሥራ ቀን ደግሞ እህል ጎተራው ጋ በቆሎ የጫኑ መኪኖችን ይመዝናል። እንግዲህ የሰውየው ኑሮ መለካት ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ደንብ አለው። ሰንሰለት የያዘ ሰው አያጨበጭብም። የኮሌጁ ቡድን አሸንፎ ሁለት ሺህ ሰው ብድግ ሲል እሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያያል። አድልቷል እንዳይባል ነው። እናታችን በሕይወት ሳለች "ሌስተር፣ በሠርጋችን ቀንም እንደዚሁ ጫማህን ስታይ ነበር" ትለው ነበር።

ታናሽ እህቴ ማርሊ የነጻ ትምህርት ዕድሉን አገር አቀፍ ፈተና የተፈተነችው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ፣ እኔ ለተማሪዎች ምሳ በምጨልፍበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ጠረጴዛዎቹን የወለወልኩት እኔ ስለሆንኩ አንዱ ጥግ ላይ የድንች ፍርፋሪ ትቼ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከዚያ ፈተናውን ሁላችንም ረሳነው። በሚያዝያ አንድ ማክሰኞ ማርሊ ምሳ ሰልፍ ላይ ቆማ ሳህኗን ሳትዘረጋ ወረቀት ዘረጋችልኝ። ፊቷ ነጭ ሆኗል። ሰው የሞተ መስሎኝ ጭልፋውን አስቀመጥኩ።

ደብዳቤው በመላ አገሪቱ ከፍተኛ ውጤት ካመጡት አንዷ እንደሆነችና ለነጻ ትምህርት ዕድል ብቁ እንደሆነች ይናገራል። ከታች ሁለት ባዶ መስመር አለ። ብቁ መሆንሽን እንድንነግርልሽ የምትፈልጊያቸውን ሁለት ኮሌጆች ጻፊ ይላል። ሁለት ብቻ።

ማታ ራት ላይ አባቴ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

"የኛዋ ማርሊ ናት?" አለኝ፣ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ።

"በዚህ ከተማ ሌላ ማርሊ ኮተርባ ታውቃለህ?" አልኩት።

"አላውቅም። ግን መጠየቁ አይከፋም።"

ልጄ አይቪ ኮላች የሚባለውን የፓፒ ፍሬ የተሞላ ጣፋጭ ዳቦ ፊቷ ላይ እየቀባች ስትስቅ እንኳን ዞር ብሎ አላያትም። ከዚያ እርሳስ አንስቶ ሰጠኝና መምረጥ ጀመርን። እኔ አንዱን መስመር በምሥራቁ ባሕር ዳርቻ ላለው ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ አደረግሁ። ሁለተኛው ላይ "ፕሌት ቤንድስ?" አልኩ።

"እነሱን ለምን?" አለ አባቴ። "እነሱማ ያውቁናል። ለሚያውቅሽ ሰው ልጄ ጎበዝ ናት ብሎ ወረቀት መላክ እጅ መዘርጋት ነው። ሌስተር ሰንሰለት የያዘው ለዚህ ነበር እንዴ ይላሉ። የማያውቀንን ነው ማሳወቅ።"

ልክ መሰለኝ። ይህን አልደብቅም፤ ሁለት ቦታ ብቻ ካለ አንዱን አርባ ማይል ላይ ላለ ጎረቤት ማባከን ሞኝነት መሰለኝ። ስለዚህ ሁለተኛው መስመር ላይ ቺካጎ ያለ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ጻፍን። ማርሊ የኮላቹን ፍርፋሪ በጣቷ እየሰበሰበች ነበር። ዝምታዋን ከደስታ ቆጠርኩት።

ሩቆቹ ሁለቱም በክረምቱ መለሱልን። እንኳን ደስ ያለሽ፣ እኛ ግን ነጻ ትምህርት በውጤት አንሰጥም የሚል ጨዋ ደብዳቤ። አባቴ "ይሁን፣ ፕሌት ቤንድ አለ" አለ። ተረጋግቶ ነበር።

በቆሎው ደርቆ አጨዳ ሊጀመር ሲል፣ አንድ ቅዳሜ፣ በጨዋታው እረፍት ላይ አይቪን አዝዬ ቋሊማውን ይዤለት ወረድኩ። የኮሌጁ መዝጋቢ ኢርማ ፓቬልካ ከሰንሰለት ያዦቹ ጋር ቆማ ታወራለች። አባቴን ከወጣትነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች።

"ሌስተር፣ ዘንድሮ ከናንተ ትምህርት ቤት አንድም ጎበዝ ጠፋ?" አለችው እየሳቀች። "ዝርዝሩ ላይ ማንንም አላየሁም።"

"የምን ዝርዝር?"

"ለእኛ እንዲነገርላቸው የጻፉ ልጆች ዝርዝር ነዋ። ስማችንን ለጻፈ የአራቱንም ዓመት ወጪ እንችላለን፤ ትምህርቱን፣ ማደሪያውን፣ ምግቡን። ለሌላ ሰው ግን አንሰጥም፣ ደንቡ ነው።"

አባቴ ቋሊማውን እንደያዘ ቀረ። "የኔ ማርሊ አልፋለች" አለ፣ በጣም በቀስታ።

የኢርማ ሳቅ ጠፋ። "ታዲያ ለምን አልጻፈችንም? እኛ እኮ ካልጻፉን አልፈለጉንም ብለን ነው የምንወስደው።"

አባቴ ፊሽካው ሲነፋ ዘንጉን አንስቶ ወደ ቦታው ሄደ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ዳኛው ለልኬት እጁን አነሳ። የአባቴ ሁለት ጓደኞች ሮጡ። አባቴ አልተንቀሳቀሰም። ሰንሰለቱ ተወጠረ፣ ሰውየው ግን እንደ አጥር ምሰሶ ቆሟል። ዳኛው ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራው። ልቡን የመታው መስሎኝ አይቪን ለማላውቃት ሴት አስታቅፌ ወደ ሜዳው ሮጥኩ። ስደርስ "እኔ ነኝ" አለኝ። "ጆሊን፣ ያስቀረኋት እኔ ነኝ።"

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናውን እኔ ነዳሁ። ማርሊ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር። አባቴ ሰደርያውን ሳያወልቅ ፊቷ ቆሞ ኢርማ ያለችውን አንድ በአንድ ነገራት። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ትክ ብላ አየችው።

"እኔ እኮ ከመጀመሪያውም የምፈልገው እዚያ ነበር" አለች። "የአፈር ትምህርት ክፍላቸውን አራት ጊዜ ሄጄ አይቻለሁ። አንተ ሰንሰለት ስትይዝ እኔ ቤተ ሙከራው መስኮት ላይ ነበርኩ።"

አባቴ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ከሁሉም ይህኛው ነው የመታው። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"እጅ መዘርጋት ነው አልክ። በኔ የምታፍር መሰለኝ።"

"ባንቺ?" አለ። አገጩን በእጁ ይዞ ጎተራውን ሲያይ ቆየ። ወረቀቱን የጻፈው እጅ ደግሞ የኔ ነበር።

ሰኞ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። በእረፍቴ፣ ሽርጤን እንደታጠቅሁ፣ ደብዳቤው ላይ ወዳለው ስልክ ደወልኩ። እቃ ቤት ውስጥ በዱቄት ጆንያ መሃል ቆሜ ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። በመጨረሻ አንዲት ሴት አነሳች። ከሁለቱ አንዱን ስም አንድ ጊዜ ብቻ መቀየር ይቻላል፣ ጥያቄው እስከ ወሩ መጨረሻ መድረስ አለበት፣ ተማሪዋና ርዕሰ መምህሩ መፈረም አለባቸው አለችኝ። ወሩ ሊያልቅ የቀረው አምስት ቀን ነው። ቁጭ ብዬ ልስቅ ምንም አልቀረኝም። አምስት ወር ሙሉ በሩ ክፍት ነበር፣ ማንም ገፋ አላደረገውም።

ርዕሰ መምህሩ ምሳ ሰልፍ ላይ ሲደርሱ ድንቹን ከመጨለፌ በፊት የመቀየሪያ ጥያቄውን ወረቀት አቀረብኩላቸው።

"ጆሊን፣ መጀመሪያ ምሳዬን" አሉኝ።

"መጀመሪያ ፊርማ" አልኳቸው። ከኋላ ያሉት ልጆች ሳቁ። ፈረሙ። ቺካጎ ተሰረዘ፣ ፕሌት ቤንድ ተጻፈ። ማርሊ ስትጽፍ እርሳስ አልተጠቀመችም።

ያን ማታ አባቴ ለሰንሰለት ያዦቹ አለቃ ለዱዌይን ደወለ።

"ሌላ ሰው ፈልግ" አለው።

"ምን ሆንክ፣ ታመምክ?"

"የልጄ ጉዳይ እነሱ እጅ ላይ ነው። እዚያ መቆም አልችልም።"

"ሌስተር፣ ሰንሰለት እኮ ነው። አንተን ዳኛ ያደረገህ የለም።"

"ቢሆንም።" ስልኩን ዘጋና ሰደርያውን አጣጥፎ ከረጢት ውስጥ ከተተው። ሃያ ሁለት ዓመት። ልለምነው አሰብኩና ተውኩት። ለእሱ መጠየቅ ማለት ይህን ያህል ዋጋ ነበረው፤ ከፍሎ ነው የጠየቀው።

መልሱ በየካቲት ደረሰ። አራቱም ዓመት ተሸፍኗል። ማርሊ ደብዳቤውን እስከ ግማሹ አንብባ ሰጠችኝና እኔ ጨረስኩላት።

በሚቀጥለው መከር እሷ ማደሪያዋን ከያዘች በኋላ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ አባቴ እንደ ሰው ሁሉ ትኬት ቆርጦ ተመልካቾች መሃል ተቀመጠ። ማርሊ በአንድ ጎኑ፣ እኔና አይቪ በሌላው። ሜዳውን ከላይ ሲያየው የማያውቀው አገር የገባ ነው የሚመስለው። ሰንሰለቱ ለልኬት ሲገባ አንገቱን አሰግጎ "ሁለት ጣት አልፋለች" አለ ለራሱ። ልክ ነበር። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። እሱ በልማዱ ጫማውን አየ።

"አባዬ፣ አሁን እኮ ትችላለህ" አለችው ማርሊ።

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ተነሳና እጆቹን አንድ ጊዜ አጋጨ፤ ድምፁን ሰምቶ ራሱ ደነገጠ፤ ደገመው።