ያልተረገጠው አሸዋ

በዚያ ዘመን ነገሌ ውስጥ የጭነት መኪና የምነዳ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። መንዳት ያስተማረኝ ባለቤቴ ነው፤ ወገቡን ታሞ ሲተኛ መሪውን ያዝኩ፣ እሱ ካረፈ በኋላም አልለቀቅኩም። መኪናው የሐጂ ነበር። ሐጂ ወደ ሞያሌ እህልና ቡና ልከው ጨውና አቡጀዲ የሚያስመጡ ነጋዴ ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ገበያተኛው፣ «ሐጂ፣ ወንድ ጠፍቶ ነው?» ይላቸው ነበር። እሳቸውም፣ «ወንዶቹ ሁለት መኪና ገደል ከትተውብኛል፤ እስቲ ደግሞ እሷ ትሞክር» ይሉ ነበር። በሦስተኛው ዓመት የሚቀልድ ጠፋ። ሞያሌ ስደርስ ሴቶች ሊያዩኝ ከየደጃቸው ይወጡ ነበር። ይህን እንደምወደው ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሐጂ ሁለተኛ መኪና በገዙበት ዓመት አንዲት የወታደር ሚስት ባሏ ሞተባት። ሁለት ልጆች ነበሯት። የሚኖሩበት ቤት የጦር ሰፈሩ ስለሆነ እስከ ሰኔ ልቀቂ ተብላለች። ባሏ የመኪና ክፍል ሰው ስለነበር መንዳት አስተምሯታል፤ መንጃ ፈቃድም አውጥታለች። ሥራ ካገኘች ነገሌ ቤት ተከራይታ ልጆቿን ታስተምራለች። ካላገኘች ጎጃም፣ የባሏ ዘመዶች ዘንድ መሄድ ነው። እነሱም በጻፉት ደብዳቤ ልጆቹን እንጂ እሷን አልጠሩም።

ሐጂ፣ «ይቺን ልጅ እስከ ሞያሌ ውሰጃትና እሷ ትንዳ። ወንድሜም አብሮ ይሂድ። ስትመለሱ የምትይኝን እሰማለሁ» አሉኝ።

ጥሩ ትነዳ ነበር። እጇ ከእኔ ይለሰልሳል፤ ማርሽ ስትቀይር መኪናው አያጉረመርምም። የሐጂ ወንድም መካከላችን ተቀምጦ፣ «አንቺ ስትቀይሪ ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ ይቺ እኮ ታስተኛለች» አለኝ። ሳቅሁለት።

ከሰዓት በኋላ አንድ ደረቅ ወንዝ ደረስን። በበጋ ውሃ የለውም፣ ከዳር እስከ ዳር አሸዋ ነው። ከላይ ሲያዩት አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ከሥሩ ግን አንዱ ቦታ ጠንካራ፣ ሌላው ዱቄት ነው፤ ጎርፍ በወረደ ቁጥርም ይለዋወጣል። እኔ ሁልጊዜ ጫማዬን አውልቄ እወርድና በተረከዜ እየረገጥኩ እሻገረው ነበር። በጠነከረው በኩል ድንጋይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። በጦር ሰፈር ሜዳ መንዳት የተማረ ሰው ይህን አያውቅም።

ዳሩ ላይ አቆመችና ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ ወርጄ ልየው እንዴ?»

«እንደ መሰለሽ» አልኳት።

ፊቴን አየች፤ ቀጥላ የሐጂን ወንድም አየች። መውረዷ ፍርሃት እንዳይመስልባት የሰጋች ይመስለኛል። አንደኛ ማርሽ አስገብታ ገባች። መሃል ስንደርስ የኋላ ጎማዎቹ ሰመጡ።

እህሉን በሙሉ አወረድን። የሐጂ ወንድም ጎማው ሥር የሚነጠፍ ቁጥቋጦ ሊቆርጥ ሄደ። በአቅራቢያው ከብት የሚጠብቁ ቦረናዎች ሊያግዙን መጡ፤ ከእነሱ መካከል አንድ ሽማግሌ ከዚህ ቀደም ያውቁኛል። «አካም፣ ናጋ» ከተባባልን በኋላ በኦሮምኛ፣ «አንቺ ሁልጊዜ ወርደሽ ትረግጪው የለም እንዴ? ዛሬ እግርሽን አሞሻል?» አሉኝ። እሷ አጠገባችን ተንበርክካ በእጇ አሸዋ ትዝቅ ነበር። ኦሮምኛ አትሰማም። «ደህና ነኝ» ብዬ አካፋ አነሣሁ።

መኪናውን ከአሸዋው አውጥተን፣ ሞያሌ ደርሰን ነገሌ ስንመለስ ወንድምየው የሆነውን ለሐጂ ነግሯቸው ቆየኝ።

«እሱ እንኳ ወዷታል» አሉ ሐጂ። «መስመሩን የምታውቂው ግን አንቺ ነሽ። ምን ትያለሽ?»

«ጊዜ ያስፈልጋታል» አልኩ።

ውሸት አልነበረም፤ አዲስ ሹፌር ሁሉ ጊዜ ያስፈልገዋል። እሷ ግን ጊዜ እንዳልነበራት አውቅ ነበር። መኪናው ለአንድ ወንድ ተሰጠ። ለእንጀራዬ ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ሁለት መኪና ሁለት ሹፌር ነው የሚፈልገው። እሷ ብትቀጠር እኔን የሚነካኝ አልነበረም።

በሰኔ ቆዳ ጭኜ ወደ ሻሸመኔ ስወጣ እሷንና ልጆቿን ጋቢና አስቀምጬ ወሰድኳቸው። ልጆቹን እንቅልፍ ወሰዳቸው። የወደራን ከተማ ካለፍን በኋላ፣ «እትዬ፣ ጥፋቴ ምን እንደነበር ይንገሩኝ። ሌላ ቦታ ሥራ ባገኝ እንዳልደግመው» አለችኝ።

«ወርደሽ በእግርሽ መርገጥ ነበረብሽ።»



«ጠይቄዎት ነበር እኮ» አለች። ቁጣ አልነበረበትም።

«አዎ፣ ጠይቀሽኛል።»

ሌላ የምትጨምር መስሎኝ ጠበቅኩ። የትንሹን ልጅ ራስ ከበሩ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች። ሻሸመኔ አውቶቡስ ተራ ደርሰን ሻንጣዋን ላወርድላት ስል፣ «ይተዉት፣ እኔው አወርደዋለሁ» አለችኝ። አውርዳ ከጨረሰች በኋላ ልጆቿን፣ «እትዬን አመስግኑ» አለቻቸው።

አመሰገኑኝ።