ሽጉጡ መኪና ውስጥ የቀረበት ምክንያት

የቅየሳ ሥራ የጀመርኩት ማክሰኞ ቀን፣ ፓይን ሌክ በሚባል ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ከከተማው ሐይቅ ከፍ ብሎ ባለ አንድ ጠባብ ግቢ ነው። አለቃዬ ጋሼ ወርቁ ከሥራ መኪናው፣ ከትራኩ ኋላ ብርቱካናማ ሰደርያ አውጥተው ሰጡኝ። ደረቱ ላይ በማርከር «ዮናስ» ተብሎ ተጽፎበታል።

«አዲስም አለ፤ ከፈለግህ» አሉኝ።

«ይሄ ይበቃኛል» አልኩ።

ዮናስ ወንድሜ ነው። በአራት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ይህን ስጽፍ እኔ እሱን በአንድ ዓመት በልጬዋለሁ።

ከዚያ ማክሰኞ ሰባት ሳምንት በፊት፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ ከኤርፖርቱ ሆቴሎች ጀርባ ባለ መንገድ ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሰዎች ከመኪና ወርደው ቶታል ስቴሽኑን ሊወስዱ መጡ። ቶታል ስቴሽን በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ተቀምጦ ርቀትና አንግል የሚለካ ዕቃ ነው። ውድ ስለሆነ ሌባ ይፈልገዋል። ዮናስ የመቆሚያውን አንድ እግር ያዘ። አልለቀቀም። ተኮሱበት። ጋሼ ወርቁ ከመንገዱ ማዶ ቦይ ውስጥ ስለነበሩ ሮጠው ሲደርሱ ሰዎቹ ሄደዋል።

ፖሊስ የሥራ ትራካቸውን ሲፈትሽ የዮናስን ሽጉጥ ከወንበሩ ሥር በትንሽ ሣጥን ተቆልፎ አገኘው። ሽጉጥ የመያዣ ላይሰንስ ነበረው። ለቅሶው ላይ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሻዩን እያማሰለ «ሽጉጥ ገዝቶ መኪና ውስጥ? ለመኪናው ነው እንዴ የገዛለት?» አለ። የከፋው ነገር፣ እኔም እንደሱ አስብ ነበር። በዮናስ ተናድጄ ነበር። የሞተ ሰው ላይ መናደድ ምን እንደሚባል አላውቅም።

የድርጅቱ ባለቤት ሚስተር ዴል ይባላል። ቢሮው ሄጄ የዮናስን ቦታ ስጠይቀው ወንበር አሳየኝ።

«ምን ተምረሃል?»

«ሃይስኩል ጨርሻለሁ።»

«ለምን የእሱን ቦታ?»

«እሱ የቆመበት መቆም እፈልጋለሁ» አልኩ። በእንግሊዝኛ ስለው እንግዳ ነገር ሆነ። ግን ቀጠረኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ቡድኑን የሚመራው አለቃ አለ፤ የእኛ ጋሼ ወርቁ ናቸው። አገር ቤት መንገድ ሲቀይሱ የኖሩ፣ ስልሳን ያለፉ ሰው ናቸው። ቶታል ስቴሽኑን እሳቸው ያዩታል። እኔ ዘንግ ያዥ ነኝ። ዘንጉን ቀጥ አድርጌ እይዛለሁ፤ ቁጥቋጦ በገጀራ እመነጥራለሁ፤ ችካል በመዶሻ እመታለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ፒን እፈልጋለሁ። ፒን በግቢ ጥግ መሬት ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ ነው። ከሠላሳ ከአርባ ዓመት በፊት ሌላ ቀያሽ ቀብሮት፣ አፈር ሸፍኖት የቀረ። ድንበር የሚባለው እሱ ነው። የሚፈለገው ሎኬተር በሚባል ቢጫ ዱላ ነው። ዱላው ብረት ሲቀርበው ይጮኻል። ሲርቅ ያንጎራጉራል።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ወሰንኩ። ሽጉጥ እይዛለሁ፤ ከላዬ ላይ አላወርድም።

የዮናስን ሽጉጥ ፖሊስ መልሶልን ነበር። ወገቤ ላይ ሞከርኩት። ትልቅ፣ ከባድ፣ ሁለመናው ብረት። ቁጢጥ ስል ሆዴን ወጋኝ። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ደመደምኩ፤ ከብዶት ነው የተወው። ጥፋቱ የመጠን ነው። እኔ ትንሽ እገዛለሁ።

ሕጉ የሚጠይቀው ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ስለነበር ለላይሰንሱ አፕላይ አደረግኩ። አሻራ ሰጠሁ። ጠበቅኩ። ሲደርሰኝ ለሚስተር ዴል ነገርኩት፤ ተደብቄ መያዝ አልፈለግኩም።

«ከዮናስ በኋላ አይሆንም ማለት አልችልም» አለኝ። «ሰው ግን እንዳያይብህ። ደንበኛም፣ ጎረቤትም። ሌላው፤ ለቶታል ስቴሽኑ ብለህ ብታወጣው በዚያው ቀን ትባረራለህ። እሱ ኢንሹራንስ አለው። አንተን የሚተካልኝ ኢንሹራንስ የለም።»

ሽጉጥ ቤቱ ውስጥ የነበረችው ሻጭ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አሮጊት ነበረች። ትንሽ ሽጉጥ እፈልጋለሁ ስላት አንዱንም አላወጣችም።

«ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራለህ?»

«ቅየሳ።»

«አሳየኛ።»

አፈርኩ። ግን በአንድ ጉልበቴ ተንበርክኬ ችካል እንደምመታ ሆንኩ። ከኋላዬ ጥይት የሚገዛ ሽማግሌ «ጉድሽ ነው፤ ልጁ አግቢኝ ሊልሽ ነው!» አለ። እሷ አልሳቀችም። ሸሚዜ ከኋላ የት ድረስ እንደተሰበሰበ እያየች ነበር።

ሦስት አቀረበችልኝ። አንዱ ጠፍጣፋ፣ መዳፍ ውስጥ የሚጠፋ። ወደድኩት። መተኮሻው ቦታ ወስዳኝ ስሞክረው እጄን ነከሰኝ፤ ጥይቶቼም ኢላማው ላይ ተበታተኑ። «ትንሽ ሽጉጥ ለመያዝ ቀላል፣ ለመተኮስ ከባድ ነው። ይሄን ማንም አይነግርህም» አለችኝ። ሁለተኛው ለመተኮስ ደህና ነበር፤ ግን ስጎነበስ ከሰደርያው ሥር ጎልቶ ታየ። ሦስተኛው አምስት ጥይት በሚሽከረከር ከበሮ የሚይዝ ሪቮልቨር ነበር። አፈሙዙ አጭር ብረት፣ አካሉ አሉሚኒየም፣ ጀርባው ለስላሳ፤ ስታወጣው ልብስ አይዝም። ቃታው ጠንካራ ነው፤ በስህተት አይሳብም። እሱን መረጥኩ። ቃታውን የሚሸፍን፣ ቀበቶ ላይ የሚታሰር ጠንካራ ማኅደርም ገዛሁለት። በየቅዳሜው እየሄድኩ እጄ እስኪለምደው ተኮስኩ።

ሽጉጡን ቀኝ ወገቤ ላይ፣ ከሰደርያው ሥር አደረግኩት። ሐምሌ ነበር። ላብ ብረቱን ያዝገዋል፤ ማታ ማታ በዘይት ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ቀበቶዬን ወፍራም አደረግኩ። ሁሉም ተስተካከለ ብዬ አሰብኩ።

ሽጉጡን መያዝ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት፣ ቻምብሊ ውስጥ ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ ፒን ስፈልግ ሎኬተሩ ጮኸ። ቆፈርኩ። ምንም የለም። ግማሽ ሜትር ራቅ አልኩ። ጮኸ። ቆፈርኩ። ጉልበቴ ድረስ ገባሁ።

ጋሼ ወርቁ ከቶታል ስቴሽኑ ሥር ቀና አሉ። «ሚኪ! የጉድጓድ ውሃ ልታወጣልን ነው?»

«እየጮኸ ነው ጋሼ!»

«ና እስቲ። አስፋልቱ ላይ ቁም።»

ቆምኩ። ጮኸ።

«እጅህን ዘርጋና ራቅ አድርገው።»

ጩኸቱ ዝቅ አለ።

«ወደ ወገብህ መልሰው።»

ጮኸ። ጋሼ ወርቁ መሣቅ ጀመሩ። «የግቢው ጥግ ሱሪህ ውስጥ ነው እንዴ!» አሉ። ከዚያ ሣቃቸው ተቋረጠ። ዓይናቸው ወገቤ ላይ ቀረ። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሦስት ሳምንት።»

የትራኩን የኋላ መዝጊያ አውርደው ተቀመጡበት። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ዮናስም እንዲሁ አስጩኾት ነበር» አሉ። «በዚያ ምክንያት አንድ ፒን አመለጠን። ተቆጣሁት። ሎኬተር ስትይዝ አውልቀህ መኪና ውስጥ ቆልፍ አልኩት። እሺ ጋሼ አለ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አልዘነጋም። የዚያን ቀን ጠዋትም አውልቆ ሲቆልፈው አይቻለሁ።»

እኔ ጉድጓዱን አየሁ።

«ለምን አልነገሩንም?»

«ለእናትህ ምን ልበላት? በእኔ ትእዛዝ አወለቀው ልበላት?»

«ሥራውን በትክክል ሲሠራ ነበር ይበሏት» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «ሰው ሞኝ ነው እያለው ነው ጋሼ። እኔም ብያለሁ።»

አካፋውን አንስቼ የቆፈርኩትን መለስኩ። ሌላ የምሠራው አልነበረኝም።

እሑድ ጋሼ ወርቁ ቤታችን መጡ፤ ለእናቴ ነገሯት። እናቴ የዮናስን ሰደርያ ኪስ ስትዳብስ ቆየች። ከዚያ «እሺ ይል የነበረው ለሚያከብረው ሰው ብቻ ነው» አለቻቸው። ጋሼ ወርቁ እንባቸውን አልደበቁም።

ሰኞ ሌላ ሥራ ተጀመረ። እኔ በሦስት ሳምንት ውስጥ የፈለግኳቸውን ጥጎች ሁሉ ሽጉጡን አውልቄ እንደገና ፈለግን። አንዱ ጋ የለም ያልኩት ፒን ተገኘ፤ አዲስ ችካል ከመታንበት አንድ ክንድ ርቆ። ሚስተር ዴል ስልክ ላይ «አጥር ሠሪው ሐሙስ ሊጀምር ነበር» አለኝ። «የሰው መሬት ላይ።» ከዚያ በላይ አልተቆጣም። ባይቆጣም ገብቶኛል።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ሽጉጡን ይተወው ነበር። እኔ አልተውኩም። እንደ ዮናስ መኪና ውስጥ ቆልፌም መሄድ አልፈለግኩም። በአንድ የምሳ ሰዓት ቢሮው ጓሮ አንድ ፒን ቀበርን። ጋሼ ወርቁ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አዩ። ከዚያ ቦታ እየቀያየርን ሎኬተሩን አዳመጥን። ቁርጭምጭሚት ላይ ከሁሉም የባሰ ነው። ቀኝ ወገብ ጩኸት። ግራ ወገብ ይሻላል፤ ስትጎነበስ ግን ይጮኻል። ግራ ብብት ሥር፣ ከፍ ብሎ፣ ሎኬተሩ በቀኝ እጅ ተዘርግቶ ሲያዝ ዝም አለ። በፒኑ ላይ ብቻ ጮኸ።

«እንደገና» አሉ ጋሼ ወርቁ።

አሥር ጊዜ ያህል ደጋገምን። ትልቁን የዮናስን እዚያው ቦታ ሰቅለን ሞከርነው፤ አላስቻለም፤ ብረቱ ብዙ ነው። ትንሿ አካሏ አሉሚኒየም ስለሆነ አለፈች። ሰደርያውን ዚፕ ባለው ቀየርኩ። «ዮናስ» የሚለውን ቆርጬ ከውስጥ ሰፋሁት።

በመስከረም ሚስተር ዴል የኮሌጅ ፓርኩ ሥራ ገና እንዳላለቀ ነገረን። አንድ ጥግ ቀርቷል። «ሌላ ቡድን ልላክ?» አለ። ጋሼ ወርቁ እኔን አዩ።

«እኛ እንጨርሰዋለን» አልኩ።

ጠዋት ደረስን። ትራኩን በመንገዱና በእኛ መካከል ፓርክ አደረግኩ። ጋሼ ወርቁ ቶታል ስቴሽኑን ተከሉ። ሳንነጋገር ሁለታችንም ዮናስ የቱ ጋ እንደወደቀ አውቀናል። ሎኬተሩን ይዤ ከሣሩ ጫፍ ጀመርኩ።

አንድ መኪና ቀስ ብሎ መጥቶ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ሰውየው ወርዶ ቀጥታ ወደ መቆሚያው ተራመደ።

የጋሼ ወርቁ እጅ መቆሚያው ላይ ነበር። «ይልቀቁት ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። ለቀው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ሎኬተሩ ከእጄ ወደቀ። ዚፑ ወርዷል። ቀኝ እጄ ብብቴ ሥር ነው፤ ጣቶቼ እጀታውን ይዘዋል።

«ኸይ!» አለ ሰውየው። «መንገዱን ሊያሰፉት ነው እንዴ? እናቴ እዚያች ቤት ናት፤ ግቢዋን ሊወስዱባት ነው?»

ቀያሽ ይህን ጥያቄ በየቀኑ ይሰማል።

«ኖ ሰር» አሉ ጋሼ ወርቁ። «የጎረቤቱን ድንበር ብቻ ነው የምናየው። የእናትህን አይነካም።»

«ተመስገን። እንቅልፍ አጥታ ነው» አለ። እጁን አውለበለበልንና ሄደ። እኔ ደረቴን እያከክኩ መስሎት ይሆናል።

መኪናው ከታጠፈ በኋላም እጄ እዚያው ነበር። ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ጋሼ ወርቁ ቀስ ብለው መጡ። «አውጣ» አሉኝ። «እጅህን ብቻ።»

አወጣሁት። ሣሩ ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። ያ ሰው ጥያቄውን አንድ እርምጃ ዘግይቶ ጠይቆ ቢሆን ምን አደርግ እንደነበር እስካሁን አላውቅም። ለማወቅም አልፈልግም። ግን አልረሳውም።

ከዚያ ሎኬተሩን አነሳሁ። መቆሚያው ከተተከለበት አራት እርምጃ ላይ ጮኸ። ጥርት ያለ፣ አንድ ቦታ ብቻ። ቆፈርኩ። ዝገት የበላው የብረት ራስ ወጣ።

ጋሼ ወርቁ የመስክ ደብተሩን ሰጡኝ። የዮናስ ጽሑፍ በገጹ መሐል ቆሟል፤ የመጨረሻው መስመር «ሰሜን ምሥራቅ ጥግ» ይልና ባዶ ነው። ከጎኑ «ፒን ተገኘ» ብዬ ጻፍኩ።

አሁን የራሴን ቡድን እመራለሁ። አዲስ የሚገቡ ልጆች ሽጉጥ የትኛው ይሻላል ብለው ይጠይቁኛል። የምመልሰው ይሄን ነው። መጀመሪያ ሥራውን አንድ ወር ሥሩት፤ የትኛው እጃችሁ ነጻ እንደሚሆን እዩ። ከሥራው ጋር የማይስማማ ሽጉጥ መኪና ውስጥ ይቀራል። የሚስማማውን ስትይዙ ደግሞ ወደ እናንተ የመጣው ሰው የሚለውን እስከ መጨረሻው ስሙት። ቶታል ስቴሽኑን ግን ልቀቁት።