የነሲባ ቀበሮ

ኢያቄም ላሊበላ ውስጥ ፎቶ ቤት ከፍቶ የሚኖር፣ ከፎቶው ይልቅ በሥዕሉ የሚታወቅ ሰው ነው። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ቀለም መበጥበጥንም ብሩሽ ማጠብንም ከእሳቸው ተምሯል። ነገር ግን የሣለው ሥዕል ግድግዳ ላይ ተገትሮ መቅረቱ ደስ አይለውም ነበር። ተማሪ ሳለ በደብተሩ ጠርዝ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ እየሣለ፣ በየገጹ እጇን ትንሽ ትንሽ ከፍ ያደርግና ገጾቹን በአውራ ጣቱ ለቀቅ ለቀቅ ሲያደርጋቸው ጭላዳዋ ራሷን ታካለች። ያኔ የያዘው ፍቅር እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

በ2010 ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት ስለ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ቀይ ቀበሮ የሦስት ደቂቃ አኒሜሽን ለተማሪዎች እንዲሠራ ጠየቀው። የቀበሮዋ ዋና ምግብ አይጥ መሆኑን፣ እንደሚወራባትም የበግ ጠላት አለመሆኗን ልጆች እንዲያዩ ነበር የተፈለገው። ኢያቄም እሺ ለማለት አላመነታም።

መጀመሪያ በእጅ ሊሥለው ሞከረ። አሮጌ የመስኮት መስታወት በሁለት ሣጥን ላይ አጋድሞ ከሥሩ አምፖል አበራ። ወረቀቶቹ እንዳይንሸራተቱ ጠርዛቸውን በስቶ በሁለት ሚስማር ሰካቸው። የታችኛው ሥዕል በላይኛው ወረቀት አልፎ ስለሚታየው፣ ያንን እያየ ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ይሥላል። ለአንዲት ሰከንድ አሥራ ሁለት ሥዕል ያስፈልጋል። ሦስት ሳምንት ለፍቶ ቀበሮዋ የሄደችው ጥቂት ርምጃ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን የጅራቷ ውፍረት በየወረቀቱ ስለሚለያይ ብርድ እንደመታው ሰው ትንቀጠቀጣለች።

ተስፋ ሲቆርጥ ወደ ካርቶን ዞረ። ራሷን፣ እግሮቿን፣ ጅራቷን ለየብቻ ቆርጦ መገጣጠሚያውን በክር ቋጠረ። ስልኩን ከላይ አንጠልጥሎ እግሯን በጣቱ እየገፋ ፎቶ አነሳ። መቀስ፣ ክርና ስልክ ካለ ሌላ አይጠይቅም፤ ሥራውም ይፈጥናል። ግን የካርቶን ቀበሮ ወደ ጎን ትሄዳለች እንጂ ወደ ሰው አትዞርም። ዞራ ዓይኗን ካላሳየች ማን ይራራላታል? የቀረው በእጅ የሚጨበጥ፣ በሽቦ አጥንት የሚቆም፣ ጥላ የሚጥል ቅርጽ መሥራት ነበር። ጭቃ ግን ለኢያቄም እጅ አልታዘዝ አለ፤ በሁለት ቀኑ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ነሲባን ያገኛት በቅዳሜ ገበያ ነው። ሸክላ ሠሪ ናት። ባሏ ሞቶባት ከኮን አካባቢ ከልጇ ከዙልፋ ጋር መጥታ በከተማው ዳር ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። ካሰለፈቻቸው ድስቶች የአንዱ ክዳን መያዣ የተቀመጠች ዶሮ ነበረች። ዶሮዋ አንገቷን ወደ ኋላ ጠምዝዛ አንድ ነገር የምታዳምጥ ትመስላለች። ኢያቄም ክዳኑን አንስቶ አገላበጠው።

"እቴ፣ ቀበሮ ትሠሪልኛለሽ?" አላት።

"ለምን ይሆንሃል?"

"ለፊልም።"

"ወላሂ፣ ሸክላም ፊልም ይሠራ ጀመር?" ብላ ሳቀች። የሚፈልገውን አስረድቷት ሲጨርስ ግን ሳቋን ትታ አሰበች። "ይሄማ እሳት የሚገባ አይደለም። አንተ የምትፈልገው ለዘላለም እርጥብ የሚሆን ነው።"

በሳምንቱ ጭቃውን ከሰምና ከኑግ ዘይት ጋር አሽታ ይዛ መጣች። ጭቃው አልተሰነጠቀም፤ ቢያጥፉት ይታጠፋል፣ ቢያቆሙት ይቆማል። የፎቶ ቤቱ ጓዳ ቀፎ የተከፈተበት ይመስል ማር ማር ሸተተ።

አራት ወር አብረው ሠሩ። የቀኑ ብርሃን እየተለዋወጠ እንዳያስቸግር መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው በመብራት ይሠራሉ። ነሲባ የቀበሮዋን እግር የገብስ ቅንጣት ያህል ፈቀቅ ታደርግና እጇን ትሰበስባለች፤ ኢያቄም ፎቶ ያነሳል፤ ደግሞ ፈቀቅ። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሠርተው የሚያገኙት አምስት ሰከንድ አይሞላም። የመብራቱ ሙቀት ሰሙን እያላላው ጆሮዋ ሲዘነብል ነሲባ በሁለት ጣቷ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ኢያቄም ከቀደመው ፎቶ ጋር ሲያስተያየው ልዩነት አያገኝበትም።

አንድ ቀን ቀበሮዋ አይጧን በምትሰማበት ቦታ ላይ ኢያቄም ራሱ ቅርጿን ሊያንቀሳቅስ ገባ።

"ተው፣ ተው!" አለችው ነሲባ። "ሁሉን ባንዴ ታዞረዋለህ። በረት ፈርሶባት የምትሸሽ ላም እኮ አይደለችም። መጀመሪያ ጆሮዋ ይሰማል። ከዚያ አንገቷ ይከተላል። እግሯ መጨረሻ ነው።"

እንዳለችው አደረጉ። ፎቶዎቹ ተያይዘው በስልኩ ላይ ሲሮጡ ጆሮዋ ቀና አለ፤ አንገቷ ዞረ፤ ከዚያ አንዲት እግሯን አንስታ አየር ላይ አቆየችው። የጭቃው ቀበሮ እየሰማች ነበር። ኢያቄም ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ነሲባ ግን በእጇ ላይ የተለጠፈውን ሰም እየፈቀፈቀች "አሁን ደህና ናት" ብቻ አለች።

በአገሩ ሸክላ ሠሪን "ጠይብ" ይሏታል። ዓይኗን ይፈራሉ፤ ከቤቷም አይበሉም። የኢያቄም እናት እማሆይ ወለተ ሐና ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ይኖሩ ነበር። ነሲባ ስታልፍ ሰላምታዋን ይመልሳሉ፤ ከዚያ ያለፈ ቃል ግን አይለዋወጡም። ጎረቤት "ኢያቄም ከጠይብ ጋር ተዘግቶ ምን ይሠራል?" እያለ እንደሚያማ ኢያቄም ያውቃል።

ፊልሙ አልቆ የሠራተኞቹን ስም ሊጽፍ ሲቀመጥ "ቅርጽና እንቅስቃሴ፦ ነሲባ" ብሎ ጻፈ። ትንሽ አየውና አጠፋው። የጠይብ እጅ አለበት ብለው ቢንቁትስ፣ እናቴስ ምን ይሉኛል፣ አለ ለራሱ። ከዚህ ሥር ሌላ ምክንያት ነበረ፤ ያንን ለራሱም አልነገረውም። ቅርጹም እንቅስቃሴውም የነሲባ ከሆነ ለእሱ ምን ሊቀርለት ነው? በመጨረሻ የቀረው ጽሑፍ "ሥራው የኢያቄም ነው" የሚል ሆነ።

ፊልሙ በአንድ አዳራሽ ለተማሪዎችና ለወላጆች ታየ። ነሲባ አዲስ ሻሽ አስራ፣ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ከነበረችው ከዙልፋ ጋር መሐል ላይ ተቀምጣለች። ቀበሮዋ ጆሮዋን ስታቆም አዳራሹ ጸጥ አለ። መጨረሻ ላይ በጥቁሩ ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲመጣ፣ ማንበብ የማትችለው ነሲባ ወደ ልጇ ጎንበስ አለች። ዙልፋ አንድ ነገር አንሾካሾከችላት። ነሲባ በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች።

ሰው ሲወጣ ነሲባ ወደ ኢያቄም መጣች። "አንተ ሰው፣ እንዲህ ታደርጋለህ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር" አለችው። "አላህ ይስጥህ።"

ኢያቄም ወቀሳ መሰለው። "አላህ ይስጥህ" ያለችው የእጁን ይስጠው ማለቷ እንደሆነ ቆጠረው። ከዚያ ወዲህ ፊቷን ማየት ከበደው። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ "ቀጣዩን መቼ እንጀምራለን?" ብላ ስትመጣ በሩን በከፊል ገርበብ አድርጎ ነበር ያናገራት።

"አሁን በኮምፒውተር ነው የምሠራው፣ እቴ ነሲባ። ጭቃ አያስፈልግም።"

"ጭራሽ?"

"ጭራሽ።"

"እንግዲያው ቀንቶሃል፤ አብሽር" ብላ ሄደች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከተማውን ለቃ ወደ አገሯ መመለሷን ሰማ።

ኮምፒውተሩ ሥራውን አቀለለው፤ ይህ አይካድም። የቀበሮዋን አካል በውስጡ ቀርጾ አጥንት ያስገባላታል፤ መነሻዋንና መድረሻዋን ካሳየው መካከሉን ማሽኑ ራሱ ይሞላዋል። ሰም አይቀልጥም፣ ጥላ አይዛባም፤ ያበላሸውን ወደ ኋላ መልሶ ያስተካክላል። ግን ሁለተኛው ፊልም ሲታይ ልጆቹ መሐል ላይ ማውራት ጀመሩ፤ አንዷም "የድሮዋን ቀበሮ አሳዩን" አለች። ኢያቄም ሲመረምረው ጥፋቱን አገኘው። ጆሮው፣ አንገቱና እግሩ አንድ ላይ ይነሳሉ፤ ቀበሮዋ ቅባት ላይ የቆመች ይመስል ትንሸራተታለች። እንደ ነሲባ እያንዳንዱን ለየብቻ ሊያዘገይ ብዙ ደከመ። ማሽኑ ያዘዙትን ያደርጋል፤ ኢያቄም ግን ምን እንደሚያዝ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ላሊበላ መብራት ከጠፋባት ወራት ላይ ወራት ተደራረቡ፤ ኮምፒውተሩ አቧራ ጠጣ። ኢያቄም የቅርጹን ሥራ በቀን ብርሃንም ቢሆን ልሞክረው ብሎ ቅርጾቹን ያስቀመጠበትን አሮጌ ካርቶን ከቆርቆሮ ጣሪያው ሥር አወረደ። ቀበሮዋና አይጧ በየበጋው ሙቀት ቀልጠው አንድ ጉብታ ሆነዋል። የሽቦ አጥንታቸው ብቻ ወደ ውጭ ወጥቶ ቀርቷል።

እናቱ በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። "ምንድን ነው እሱ?" አሉት።

ያን ቀን ነገራቸው። ስሟን እንዴት እንደጻፈ፣ እንዴት እንዳጠፋው። "እርስዎን ፈርቼ ነው" አላቸው።

እማሆይ ወለተ ሐና መቁጠሪያቸውን አቆሙ። "እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ የማን ስም እንደተጻፈ በምን አውቄ ነው የምቆጣህ? ሸክላዋን አልነካሁላትም፤ እሱ የእኔ ኃጢአት ነው። የሰው ድካም መቅበሩ ግን የራስህ ነው። በእኔ አታሳብ።"

እማሆይ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ አረፉ። ያቺ ቃል ግን ከኢያቄም ጋር ቀረች። መብራቱ ሲመለስ ፊልሙን ከፍቶ መጀመሪያው ላይ በትልቁ፣ በቢጫ ቀለም "ቅርጽና እንቅስቃሴ፦ ነሲባ" ብሎ ጻፈ። ለቅሶውም ኑሮውም እያዘገየው ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. መባቻ ላይ ፊልሙን በስልኩ ይዞ፣ የይቅርታውን ቃል በልቡ እያጠና፣ በአውቶቡስ ወደ ኮን ወረደ።

ነሲባ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ገና ከሩቅ ስታየው ተነሳች።

"ኢያቄም! የፊልሙ ሰው!" ብላ ትከሻውን ሳመችው። አጠገቧ ወደ ነበረችው ጎረቤቷ ዞረች። "ዘሀራ፣ ይኸው መጣ! ስሜን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ያወጣልኝ ሰው ይኸውልሽ! ጠይብ ብሎ አልናቀኝም።"

ኢያቄም ቀና ሲል ዙልፋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ትልቅ ሴት ሆናለች። እናቷ ሳታያት ራሷን በቀስታ ነቀነቀችለት፦ አትናገር።

ያኔ አዳራሹ ውስጥ ዙልፋ ያንሾካሾከችው ምን እንደሆነ ገባው። ልጅቱ የእናቷን ስም ከሌለበት አንብባላታለች። ነሲባም ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ለጎረቤት ስታወራ ኖራለች።

"ፊልሙን... ይዤልሽ መጣሁ" አለ ኢያቄም። ያጠናውን ሁሉ ትቶ ስልኩን ከፈተ።

ነሲባ ቢጫውን ጽሑፍ ስታይ ጠጋ አለች። "ይሄ ነው አይደል ስሜ? ያኔ ነጭ መስሎኝ? ደግሞ መጨረሻ ላይ ነበር።"

"አዎ... አሁን ከፊት አድርጌ ቀለሙን ቀየርኩት።"

"አሳመርከው" አለች። ቀበሮዋን እያየች ሳቀች፤ የጆሮዋን መዝነበል አይታም "ይቺን እኮ አላስተካከልኳትም ነበር" ብላ ራሷን ወቀሰች። ኢያቄም ሌላ ፊልም አብረን እንሥራ ሊላት አስቦ ነበር። ስልኩን ስትመልስለት ግን ጣቶቿን አየ፤ አብጠው አንጓቸው ጠሟል። "ብርዱ በላብኝ" አለችው። "አሁን ጭቃውን የምታሸው ሌላ ሴት ናት፤ እኔ ከአፌ በቀር የምሠራበት የለኝም።"

ዙልፋ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ሸኘችው።

"ዝም ስላልክ አላህ ይስጥህ" አለችው እየሄዱ። "እኔ ግን አንብቤዋለሁ። ይቅርታ ከእኔ አትጠብቅ።"

"ልጠይቅሽ እንኳ አልችልም?"

"ጠይቅ። እኔ ግን በእሷ ፈንታ ይቅር ልልህ አልችልም። እሷ ደግሞ የምትምረው ነገር መኖሩን አታውቅም።"

ኢያቄም ዛሬ ቅዳሜና እሑድ ለወጣቶች አኒሜሽን ያስተምራል። የመስታወቱንና የአምፖሉን ሥራ፣ የካርቶኑንና የክሩን፣ የኮምፒውተሩንም አጥንት አስገባብ ያሳያቸዋል፤ የየትኛው ድካም የት ላይ እንደሆነ ሳይደብቅ ይነግራቸዋል። የሰም ጭቃውን ግን በቃል እንጂ በእጁ አያሳይም። አስተምረን ሲሉት "እሱን የሚያውቅ ሌላ ሰው ነው" ይላቸዋል።

በየዒዱ ጠዋት ስልክ ይደውላል። ነሲባ ትመርቀዋለች፦ እጅህን አይያዝብህ፣ ስምህን ከፍ ያድርገው፣ እኔን እንዳከበርከኝ ያክብርህ። ኢያቄም ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በየመሐሉ አሜን ይላል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የፎቶ ቤቱን በር ሳይከፍት ይውላል።