ሣር የተከለከለው የድንጋይ መስቀል

የዘይት ቀለም ሲሸተኝ አፍንጫዬን እይዛለሁ። አርባ ምንጭ ውስጥ ባለሱቅ በሩን ሲያስቀባ ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ። ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም፤ ከገረሴ ከተማ በላይ፣ መንገድ ዳር በቆመው የድንጋይ መስቀል ላይ የደፉት ሰዎች ነው።

ልጅ እያለሁ በዚያ መንገድ ገበያ ስንወርድ እናቴ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ታዝላለች፤ እኔ ያንን ኮምጣጣ ሽታ ተከትዬ እሮጣለሁ። አንድ ቀን እናቴና ጎረቤታችን አስቴር መንገዱን ሙሉ ሲሰዳደቡ ሄዱ። የአስቴር ላም እንሰታችንን በልታ ነበር።

«ላምሽ እንዳንቺው ሆዳም ናት!» አለች እናቴ።

«ያንቺ ምላስ ደግሞ ከላሜ ጅራት ይረዝማል!»

መስቀሉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እኛ ዘንድ ተጣልቶ እሱን ማለፍ ነውር ነበር። ሸክማቸውን አወረዱ፣ የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ነጭተው መስቀሉ እግር ሥር አኖሩ፣ በቃ፣ አለቀ። ቆጮውን መልሳ ለእናቴ ያሸከመቻት ራሷ አስቴር ነበረች። እኔ ድንጋዩን ባለበሰው የድንጋይ ሽበት መሃል የተቀረጹትን መስመሮች በጣቴ እየተከተልኩ «ምን ይላል?» አልኩ።

«እኛ ምን እናውቃለን? ተማርና ንገረን» አለችኝ አስቴር። እናቴ ሳቀች።

መቼ ተማርኩ! አባያ ዳር የሰው ሙዝ ስሸከም አረጀሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ እየሳቁብኝ፣ በማታ ትምህርት ነው። እናቴ ጽሑፉ የሚለውን ሳትሰማ ሞተች። ለአስቴር እንኳ ልንገራት ብዬ ዘንድሮ ወደ መስቀሉ ወጣሁ።

በሲሚንቶ ለስነው፣ ቢጫ ቀለም ደፍተውበት፣ የሆቴል በር አስመስለውታል። መስመሮቹ ተደፍነዋል። ግርጌው ላይ በቀይ የተጻፈውን ፊደል በፊደል አነበብኩ፦ «ሣር ማስቀመጥ ክልክል ነው።»

ብሩሽ የያዘ ጎረምሳ «አባባ፣ አላማረም?» አለኝ።

«የድሮው ጽሑፍስ?»

«ጽሑፍ ይሁን ጭረት እንጃ፣ ደፈንነው። ሣሩ ደግሞ ቀለሙን ያበላሻል። ፎቶ የሚነሳ እንግዳ ይመጣል እኮ!»

«መደፈንስ አንተን ነበር!» ብዬ ጎረምሳው እግር ሥር ተፋሁ።

ያኔ ሦስታችንም ፊደል ሳንለይ ታርቀን አልፈን ነበር። ዘንድሮ አንብቤ፣ ተጣልቼ ተመለስኩ። አስቴር አሁንም አለች፤ አይኗ ደክሟል እንጂ ጆሮዋ ደህና ነው። «ምን ይላል?» ብትለኝ የምመልስላት ቀፎኝ፣ ደጇ ሳልደርስ ከዚያው ወረድኩ።