ሞንታርቦውን ወደ ገደሉ ያዞርንበት ሰርግ

ታናሽ እህቴን የዳርኩ ሰሞን ደክሞኝ ነበር። አባታችን ካረፉ ወዲህ የቤቱ ኃላፊ እኔ ነኝ፤ የምሠራበት ሆቴል ደግሞ እንግዳ ከራቀው ቆይቷል። ጦርነቱ መጣ፣ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ። እኛ ላሊበላዎች የአውሮፕላን ድምፅ በሰማን ቁጥር እንግዳ ይዞ ይሆናል እያልን ቀና ማለት ልማድ ሆኖብናል። በዚህ መሐል እህቴ ባል አገኘች። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ የሚጠብቀኝን ሥራ መቁጠር ጀመርኩ።

«ሙዚቃው እንዴት ይሁን?» አልኳት።

«ባንድም ዲጄም።»

«አንዱ አይበቃም?»

«ባንድ ብቻ ከሆነ ዘፋኞቹ ምሳ ሲበሉ ሰው ተፋጦ ሊቀር ነው? ዲጄ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሰርግ ነው ወይስ ሻይ ቤት?»

ድሮ ሆቴሎቹ ውስጥ ይጫወቱ የነበሩት ልጆች ሥራ ሲጠፋ ወደየከተማው ተበትነዋል። ስደውል ሰንብቼ በመጨረሻ ወልድያ ያለ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች አገኘሁ። ዘፋኝ፣ ማሲንቆና ከበሮ አለው፤ የሚስቱ ወንድም ደግሞ ዲጄ ነው። ሁሉም በአንድ መኪና ይመጣሉ። ስለ መብራት ጠየቀኝ፤ አንዳንዴ ይመጣል አልኩት። ስለ ጄኔሬተር ጠየቀኝ፤ ከሆቴሉ እለምናለሁ አልኩት። ቀጥሎ «ቦታው ሜዳ ነው?» አለኝ። ላስታ መጥቶ ሜዳ የሚፈልግ ሰው ምን ይባላል? ዳስ የሚይዝ ደልዳላ ቦታ ያለን ከቤታችን በታች፣ ከጎረቤታችን አጥር ሥር ብቻ ነበር።

ያስጨነቀኝ ይኸው የጎረቤታችን ነገር ነው። ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ዘመተና አልተመለሰም፤ መርዶው የመጣው አምና ነው። እናታችን በታመመች ጊዜ እህቴን ያጠቧት እሳቸው ናቸው። ልጃቸውና እህቴ አንድ ጡት ጠብተው፣ በአንድ ግቢ ሲራኮቱ ነው ያደጉት። ምግቡ ቢያንስ፣ ጠላው ቢቀጥን ግድ አልነበረኝም። እኚህን ሴት በገዛ ደጃፋቸው በዘፈን እንዳናቆስላቸው ብቻ ነበር የምፈራው።

በእኛ አገር ሐዘን የገባበት ቤት አጠገብ ሰርግ ሲደገስ፣ ከበሮ ከመመታቱ በፊት ሐዘንተኛውን ማስፈቀድ ወግ ነው። የንስሐ አባታቸውንና ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ሄድኩ። ጥቁር ለብሰው፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሽማግሌዎቹ ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ጉዳዩን ሲያነሡ፣ እሳቸው አላስጨረሷቸውም።

«እሷስ ልጄ አይደለች? ዝፈኑላት፤ ደስ ይበላችሁ» አሉ።

መርቀን ወጣን። ገና አጥሩን ሳንሻገር ግን አንደኛው ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቶሎ እሺ አሉ» አሉ።

«አፋቸው ነው እንጂ ሆዳቸው አይደለም» አሉ ሌላው።

እሳቸው በይሉኝታ ፈቀዱ ብለን እኛም በይሉኝታ ዘፈኑን ልንተወው ተስማማን። ለእህቴ ስነግራት አለቀሰች፤ ከዚያ «እሺ፣ ቀስ ተብሎም ቢሆን ይዘፈን» አለች። ቀስ ተብሎ የሚዘፈን የሰርግ ዘፈን ምን እንደሚመስል ሁለታችንም አላሰብነውም።

በሰርጉ ቀን ሞንታርቦውን፣ ትልቁን ድምፅ ማጉያ፣ ፊቱን ከጎረቤታችን ቤት መልሼ ከበታቻችን ወዳለው ገደል አዞርኩት። ኪቦርድ ተጫዋቹ ሽቦ እየጠቀለለ አየኝና «ጋሼ፣ የመጣነው ለሰው ነው ወይስ ለገደል?» አለኝ። ከበሮው ላይ ጋቢ ጣል አደረግንበት። ዘፋኙ፣ ያን የሚያህል ጎረምሳ፣ እሹሩሩ የሚል ይመስል ነበር። ተራው ሲደርሰው ዲጄው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር እኔ ከዳሱ ማዶ በእጄ ዝቅ አድርግ እለዋለሁ። አንዷ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ጎኗ ያለችው ጎሰመቻት። ሙሽራው ከነአጃቢዎቹ ከኮን ከተማ የመኪና ጥሩምባ እያሰሙ ሲመጡ፣ ሰው ልኬ መታጠፊያው ላይ አስቆምኳቸውና በዝምታ አስገባናቸው። የሙሽራው አጎት ዳሱን ግራ ቀኝ አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ሙሽራ ልንወስድ ነው የመጣነው ወይስ ለቅሶ ልንደርስ?»

ፈገግ አልኩ። ከጧት ጀምሮ ፈገግ ስል ፊቴ ዝሎ ነበር። እህቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ በዕድሜዋ አንዴ የሚመጣው ቀን እንደ ስብሰባ እያለፈ ነበር።

ምሳ ተነሥቶ እጅ ሲታጠብ ጎረቤታችን ዳሱ በር ላይ ቆሙ። ከነጥቁር ልብሳቸው። ማንም ሳያዘው ሙዚቃው ቆመ።

«ምነዋ? ምን ሆናችሁ ነው?» አሉ።

ሮጬ ሄድኩ። «እንዳንረብሽዎ ብለን ነው፣ እናቴ።»

«ማን ረበሻችሁኝ አላችሁ? ከጧት ጀምሬ በሬን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። አሁን ይዘፍናሉ ስል የለም፤ አሁን ስል የለም።» ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «ልጄ ከሞተ ጀምሮ ሰው ሁሉ በደጄ ሲያልፍ ድምፁን ይውጣል። ቤቴ ዝም፣ ደጄ ዝም። የጨረሰኝ እኮ ዝምታው ነው! ዛሬም ለእሷ ሰርግ ዝም ትሉብኛላችሁ?»

አፈርኩ። አዘንንላቸው ብለን ከሰው ለይተን ያስቀመጥናቸው እኛ ነበርን። ሞንታርቦውን በሁለት እጄ ገፍቼ ወደ ሰው መለስኩት፤ ከበሮ መቺው ጋቢውን ገፎ ጣለ። እሳቸውን ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው።

ከዚያ በኋላ ዳሱ ዳስ ሆነ። ዘፋኙ እንደ ሥራው ልማድ የከበረ እንግዳ ሲያይ ስም ጠይቆ ማወደስ ይወዳል። ማይኩን ይዞ ወደ ጎረቤታችን ጎንበስ አለ።

«እናቴ፣ ማን ብዬ ላወድስ?»

አጠገባቸው ስለነበርኩ ያሉትን ሰማሁ። የነገሩት የራሳቸውን ስም አይደለም፤ የልጃቸውን ነው።

የወልድያ ሰው ምን ያውቃል? በሕይወት ያለ መስሎት ስሙን በዜማ አነሣው። ጎበዝ ነው አለው፣ ዘናጭ ነው አለው፣ የት ተደበቀ፣ ይነሣና ይጨፍር እንጂ አለ። መርዶው ከተሰማ ጀምሮ ያን ስም ከመካከላችን አንድ ሰው ጠርቶት አያውቅም፤ ልጅዎ እንል ነበር፣ ወይ ደግሞ ጭራሽ አናነሣውም። አሁን ግን ሞንታርቦው በሙሉ ድምፁ ጠራውና ስሙ ከማዶው ተራራ አስተጋብቶ ተመልሶ መጣ። ጭፈራው ቀጥ አለ። እህቴ ቬሏን ይዛ ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ እኔ ደግሞ ማይኩን ልቀማ ተወረወርኩ።

ጎረቤታችን ክንዴን ያዙኝ። እጃቸው ጠንካራ ነበር።

«ተወው» አሉኝ፤ «ይድገመው።»

ደገመው።