እርድ በካፕሱል

ሾላ ገበያ ቅመም ስሸጥ ሃያ ዓመት አልፎኛል። እርድን ዓይኔን ጨፍኜ በምላሴ እለያለሁ፤ አዲሱን ከከረመው፣ ንጹሑን ዱቄት ከተቀላቀለበት። ታላቅ እህቴ ኮተቤ ቤቷ ውስጥ የደበቀችውን ብልቃጥ ያገኘሁባት ቀን አንዱን ካፕሱል ከፍቼ ቀመስኩት። እርድ ነው። የከረመ እርድ፣ ትንሽ ዝንጅብል፤ ቀሪው የምን ዱቄት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። እኔ እንዲህ ያለውን ዕቃ ከነጆንያው እመልሳለሁ። የሸጡላት ሰዎች ግን የወርቅ ክዳን ደፍተውበታል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

«የሐኪሙስ መድኃኒት?»

ብልቃጡን በመዳፏ ወደ ራሷ ሳበችው።

እህቴ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። እኔ ከትምህርት ቤት ጠፍቼ ገበያ ስገባ ሁለት ጊዜ ጆሮዬን ይዛ መልሳኛለች፤ በሦስተኛው ተስፋ ቆረጠች። አሁን በዚያ እጇ ብርጭቆ እንኳ አትይዝም። የእንጦጦ ብርድ በወረደ ቁጥር ጣቶቿ ጠዋት አብጠውና ደርቀው ይነሳሉ። ሐኪሙ እርጅና ያመጣው ቁርጥማት አይደለም ብሏታል። የሰውነቷ መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያዋን እያጠቃው ነው፤ ካልታከመ አጥንት ይበላል። በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ ክኒን አዞላት ነበር። እሱን ትታ ነው እንግዲህ የከረመ እርድ የምትውጠው።

«ይሄ እኮ ተፈጥሯዊ ነው» አለችኝ።

«እባብም ተፈጥሯዊ ነው፣ እትዬ።»

ሻጮቹ ቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ አላቸው ስትለኝ አብሬያት ሄድኩ። መገናኛ አካባቢ አራተኛ ፎቅ ላይ አዳራሽ ተከራይተዋል። አሳንሰር የለውም። የጉልበት ፈውስ ሊገዙ የመጡ እናቶች ጉልበታቸውን ይዘው፣ በየደረጃው እያረፉ ይወጣሉ። ላይ ደርሰው ሲቀመጡ በርግጥም የተሻላቸው ይመስላቸዋል።

ሱፍ የለበሰ ወጣት ማይክ ይዞ «ይህ መድኃኒት አይደለም፤ ሰፕሊመንት ነው። ከመድኃኒት በላይ ነው!» አለ። ተጨበጨበለት።

እጄን አወጣሁ። «መድኃኒት ካልሆነ እህቴ መድኃኒቷን ለምን አቆመች?»

«ፋዘር፣ እኛ አቁሙ አላልንም። ሰውነታቸው ራሱ ይነግራቸዋል።»

«የእሷ ሰውነት ምን እንደነገራት ላሳይህ?» ብዬ የእህቴን እጅ ወደ ላይ አነሳሁት። መንጭቃ አስለቀቀችኝ። እኔ ግን አልቆምኩም። «ይሄ የከረመ እርድ ነው! እኔ ሾላ እርድ ነጋዴ ነኝ፤ ማንንም ጠይቁ!»

ከኋላ አንዲት ሴት ብድግ አሉ። «አወቅኩዎት! ጋሼ፣ ‹ጠዋት ጠዋት በማር ይውሰዱት፣ ቁርጥማት ድራሹ ይጠፋል› ብለው የሸጡልኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጁም አብሮ ሳቀ። «እንግዲህ ፋዘር፣ እኛ ካፕሱል ውስጥ ከተትነው እንጂ ወሬው የእርስዎ ነው።»

ብያለሁ። ለማሻሻጥ ነው፤ በዚያ መደዳ የማይለው ነጋዴ የለም። ሰው ይሰማል፣ ይስቃል፣ ሩብ ኪሎ ይገዛል። አምኖ ክኒኑን ይጥላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ልጁን አንቄ ብይዘው ደስ ባለኝ፤ ግን እውነቱን ነው፣ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

እህቴ የደረጃውን ብረት በክንዷ ታቅፋ ትወርዳለች። ልደግፋት ስል ሸሸችኝ።

«በሰው ፊት እጄን እንደ ሸቀጥ አነሳኸው።»

«ተናድጄ ነው።»

«ያ የሐኪም ክኒን ሁለት ቀን ሙሉ ያስመልሰኛል። ‹ዋጥሽው ወይ?› ትለኛለህ እንጂ ምን እንደሚያደርገኝ አንድ ቀን ጠይቀኸኛል? ያ ልጅ ጠይቆኛል።»

ሻጭ ከወንድም ቀድሞ ጠየቃት፤ የሚሸጥ ሰው መጠየቅ ያውቃል።

ሰኞ ሆስፒታል ወሰድኳት። የዚያን ቀን ያገኘናት ሌላ፣ ወጣት ሐኪም ናት፤ አልተቆጣቻትም። «እንደሚያስመልስዎ ለሐኪምዎ ለምን አልነገሩም? የምናስተካክለው ነገር ነበር» አለቻት። መጠኑን ለወጠች፣ አብሮ የሚወሰድ ቫይታሚን ጨመረች፣ ደም እንድትመረመር አዘዘች።

«እርዱስ?» አልኳት።

«ወጥ ውስጥ ይብሉት። በካፕሱል የሚወስዱት ነገር ካለ ግን ይንገሩኝ።» ከዚያ ወደ እህቴ ዞረች። «እስቲ እጅዎን ይጨብጡ።»

ሁለት ጣቶች እንቢ አሉ፤ ወደ ጎን ሄደዋል።

«እነዚህ አይመለሱም። ሌሎቹን ለማትረፍ እንሞክራለን።»

አሁን ስለ ቁርጥማት የሚጠይቀኝ ገዢ ሲመጣ «ለወጥ ነው» እላለሁ። ሰውየው እንደ እብድ አይቶኝ ጎረቤቴ ጋ ይገዛል። ይግዛ።

እሑድ እሑድ ኮተቤ እሄዳለሁ። ክኒኑ ከማሸጊያው ተገፍቶ ነው የሚወጣው፤ ጣቶቿ አይችሉም። ያንን ልጅ እያሰብኩ፣ ራሴንም እያሰብኩ በአውራ ጣቴ ስጫነው ክኒኑ ተፈናጥሮ አልጋ ስር ይገባል።

«ቀስ በል እንጂ!» ትለኛለች። «ክኒኑ ምን አደረገህ?»