የጀማል ኮታ

ትናንት ቺሮ መናኸሪያው አጠገብ ጀማልን አገኘሁት። ድሮ የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ረጅሙ ሰው ነበር፤ አሁን ጎብጦ ከእኔ እኩል ሆኗል። «ና ምሳ ልጋብዝህ» አልኩት። የመለሰልኝን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ... መጀመሪያ ጉዳችንን ስሙ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ከተማችን ቺሮ ያኔ በመዝገብ ስሟ አሰበ ተፈሪ ትባላለች። እኛ አሥር ልጆች የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ደሞዝተኛ ተጫዋቾች ነበርን። በወረቀት የመጋዘን ሠራተኞች ነን፤ መጋዘኑን ግን የምናውቀው ከውጭ ነው። ሥራችን መጫወት ነበር... ማለቴ፣ መሸነፍ።

ያን ዓመት ያልገረፈን የለም። ሂርና አሸነፈን፣ ገለምሶ አሸነፈን። የመሰላ ልጆች እንኳ፣ የራሳቸው ቅርጫት ሳይኖራቸው፣ እቤታችን ድረስ መጥተው አሸነፉን። ተሸንፈን የማናውቀው በርጫ ላይ ብቻ ነው። ከሰዓት ጫታችንን ይዘን ቁጭ ስንል ድሬዳዋንም ሐረርንም እንረታለን፤ ምርቃናው ሲወርድ ነጥቡም አብሮ ይወርዳል።

በደሳ ሄደን አርባ ስድስት ለአሥራ ስድስት ተቀጥቅጠን በተመለስን ማግስት የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። የስፖርት ኮሚቴው ሊቀመንበር የቅርጫት ኳስ ጨዋታ አንድም ቀን አይተው አያውቁም። «የቅርጫቱ ሥር ለምን ተቀደደ? ይሰፋ!» ብለዋል እየተባለ ይታማሉ። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነበርኩ፣ ጽሕፈቴ ስለሚያምር።

«ከአሥራ ስድስቱ ነጥብ ጓድ ጀማል ስንቱን አገባ?» አሉኝ።

«አሥራ አራቱን።»

«የቀሩት ጓዶችስ?»

«ሁለት።»

ጠረጴዛውን ደበደቡት። «ይኸው! የሽንፈቱ ምንጭ ተገኘ። ግለኝነት ነው!»

አሰልጣኛችን ጋሽ ታደሰ ተነሱ። «ጓድ፣ እርስዎ ራስዎ እኮ ኳሱን ሁሉ ለረጅሙ ስጡት ብለውን ነበር።»

«በጽሑፍ ነው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

ጋሽ ታደሰ ተቀመጡ።

ከዚያ ውሳኔው መጣ። ገበሬው እህሉን በኮታ ያስገባ የለ? ነጥብም በኮታ ሆነ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች በየጨዋታው አራት ነጥብ። ከኮታው ያጎደለ ሂስ ይጠብቀዋል፤ ያለፈ ደግሞ ከቡድኑ ይሰናበታል። መሰናበት ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቡድኑ ውስጥ እስካለን ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና አይጠራንም፤ የወጣ ግን በማግስቱ ይጠራል። ጀማል ደግሞ ለእናቱ አንድ ነው፣ ሌላ ጧሪ የላቸውም።

«የሚቃወም?» ተባለ። «የሚደግፍ?» ሲባል እኔ እጄን አውጥቼ ደገፍኩ። ከዚያም በዚያው እጄ አሳምሬ ጻፍኩት። ጓደኛዬ ነበር እኮ። እስከ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ እዚሁ ከበደሳ ቡድን ጋር ነበር። ሁለት ምርጦቻቸው ወባ ይዟቸው ቀርተዋል። የእኛ ልጆች ደግሞ ኮታ እንዳያጎድሉ ፈርተው ዓይናቸውን ጨፍነው ይወረውራሉ... አንዳንዱም ይገባል! ጀማል አራቱን ገና በጠዋቱ ጨርሶ፣ ከዚያ ወዲያ ማቀበል ብቻ ሆነ ሥራው። እኔ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነጥብ እይዛለሁ።

ሊያልቅ ሲል በአንድ ነጥብ ብቻ ተመርተናል። ኳሱ ቀለበቱን መትቶ ሲመለስ ማን እጅ ላይ ቢወድቅ ጥሩ ነው? ጀማል እጅ ላይ። ከቅርጫቱ ሥር ብቻውን ቆሟል። እጁን ማንሳት ብቻ ነው የቀረው።

ሕዝቡ ብድግ አለ። «ገልቺ! ገልቺ!» አግባው፣ አግባው ነው የሚሉት። ጫት ነጋዴዎቹ እስራቸውን ጥለው ይጮኻሉ። ሊቀመንበሩ ራሳቸው ወንበር ላይ ወጥተው «አግባው፣ ጀማል! አግባው!» ይላሉ።

ጀማል ግን ኳሱን ብብቱ ሥር ሸጎጥ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ እየተራመደ ወደሳቸው መጣ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለ በትሕትና፣ «ኮታዬን ጨርሻለሁ። በጽሑፍ ይስጡኝ።»

ሰውዬው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ኪሳቸውን ዳበሱ! እስክሪብቶ አጡ መሰለኝ ወደ እኔ ዞሩ። የእኔን ሰጠኋቸው። መጻፍ እንደጀመሩ ቆም አሉና «ማኅተሙ ቢሮ ነው» አሉ።

ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ኳስ ይዞ መሄድ ጥፋት ነው። ወዲያው ሰዓቱ አለቀ። ዓመቱን ያለ አንዲት ድል ዘጋነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጀማል ገበያ በወጣ ቁጥር «ኮታ መጣ!» ይሉት ጀመር። ያን ዕለት ወደ ቤት ስንሄድ ግን እየሳቀ አልነበረም። ዓይኑ ቀልቷል።

«አላሳዘነህም?» አልኩት።

«እንዴት አያሳዝነኝ? ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኳት ኳስ ናት። ግን ብትገባ ጭብጨባው ለሳቸው፣ ጠመንጃው ለኔ ነው። እናቴን ለማን ልተዋት?»

ሪፖርቱን እኔው ጻፍኩ። «የዘንድሮው ዕቅድ በዲሲፕሊን ረገድ መቶ በመቶ ተሳክቷል፤ ጓድ ጀማል አርአያ ነው።» ቀበሌም አልጠራውም። እናቱን በክብር ጦሮ ቀበራቸው።

እና ትናንት «ና ምሳ ልጋብዝህ» ስለው ቆም ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«በጽሑፍ ነው?» አለኝ።

ኪሴን ዳበስኩ። አንድ ያረጀ ደረሰኝ ጀርባ ላይ «ምሳ ጋብዤሃለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ... በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከአፌ ያልወጣውን ጨመርኩበት፦ «ያን ጊዜ እጄን በማውጣቴ ይቅር በለኝ።»

ወረቀቱን ራቅ አድርጎ አነበበው። አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ክንዴን ያዝ አድርጎ ወደ ምግብ ቤቱ እየመራኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ማኅተሙስ?»